ፀሐይ ስለሞቀው የመስመር መፈተሻ

ለጓድ አስፋው ቢራራ
የሕዝብ ንብረት አጣሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
መካነ ሰላም

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎና የመላ ቤተሰብዎ ጤንነት እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ይህ የኅዳር ውርጭ ደረትዎን ሳይነካ እንዲያልፍና ከቢሮዎ መስኮት ፀሐይ እንዳይታጣ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምለጥፈው በመልካም ፈቃድዎ በተከፈተው የቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ የሂስና ግለ ሂስ ዓምድ ላይ ነው። ዓምዱ ከተከፈተ ወዲህ ከምስጋና በስተቀር ምንም ተለጥፎበት ስለማያውቅ፣ እኔም ልማዱን ሳላፈርስ ምስጋና ብቻ ለማቅረብ ወስኛለሁ። ፊደሌ እዚህም እዚያም ተወላግዶ ቢያገኙት ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ብርዱ ነው ብለው ቢወስዱልኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ቆሞ የሚያነብ እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። መለሰ ደርቤ የስልክ ጣቢያችን ቴክኒሻን ነው። ወደ ደሴ የሚሄደው ሽቦ በተበጠሰ ቁጥር ብልሽቱ በስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ጣቢያው ውስጥ ተቀምጦ የሚናገር አንድ መፈተሻ ማሽን ነበረን። ማሽኑ ከመስከረም ወዲህ አይናገርም። መለሰ አሻጥር ሠርቷል ተብሎ ታስሯል፤ ቅዳሜ በሚነሣው መኪናም ወደ ደሴ ይላካል ተብሏል። ደሴ ምን እንዳለ ለመካነ ሰላም ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አንደኛ፣ ስለ ቢተው አመሰግናለሁ። ቢተው የመጋዘናችን ንብረት ያዥ ነበር። አምና ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ስሚንቶው በደነደነ ጊዜ፣ ጣሪያው ይጠገን ብሎ ሲወተውት የኖረው እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ፣ ኮሚቴዎ ለአጭር ጥያቄ ፈልጎት ወሰደው። ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ ቆየች፤ አንድ ቀን ግን ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰላት። ከዚያ ወዲህ ከተማችን እርጥበትን እንደ ጠላት ትፈራለች፤ ለዚህ ንቃት ባለዕዳዎ ነን።

ሁለተኛ፣ ክረምቱ እንደወጣ በመንግሥት ቤት ያለ ዕቃ ሁሉ ፀሐይ ይምታው ብለው ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ትእዛዙ ከየትኛው መመሪያ እንደተቀዳ አልጠይቅም። በየደብሩ መጻሕፍት ከክረምት በኋላ ወጥተው፣ እየተገለጡ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጡና ብራናው ከእርጥበትና ከብል እንደሚድን በዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። አባትዎ መሪጌታ መሆናቸውን፣ እርስዎም በልጅነትዎ ብራናውን ቅጠል በቅጠል እየገለጡ ሲያሰጡ እንደነበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ፤ ይህን ግን ለአብዮታዊ ታሪክዎ የማይመች ስለሆነ እዚህ ላይ አልጽፈውም። የምጽፈው ኮሚቴዎ ማሽኑንም እንደ መጽሐፍ መግለጡን ብቻ ነው። ክዳኑ ተፈታ፤ ሆዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ ተገኘች፤ የባዕድ ፊደል ስላለባትም ተላጠች። ከዚያ ማሽኑ በቢሮዎ መስኮት ደፍ ላይ ጥቅምት እስኪገባ ፀሐይ ሲሞቅ ሰነበተ። መለሰ በዚያ ጊዜ ማሽኑ በነገረው ቦታ፣ ከገደል አፋፍ ላይ የተበጠሰ ሽቦ ሲቀጥል ነበር።

ሲመለስ ያገኘውን ለኮሚቴው ያስረዳበትን ስብሰባ፣ ለጋዜጣው ዜና እንድይዝ ተጠርቼ ስለነበር፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያች ወረቀት ሥር ጣት የምታህል ጥቁር ዕቃ አለች፤ እሱ ሚሞሪ ይላታል። ፋብሪካው ማሽኑ የሚሠራውን ሁሉ የጻፈው በእሷ ላይ ነው። ጀርባዋ ላይ እንደ ምስር ክክ ያለች የመስታወት መስኮት አለቻት፤ ጽሑፉን ማጥፋት የሚፈልግ ባለሙያ በዚያች መስኮት ብርሃን ያስገባል፤ ማጥፋት የማይፈልግ ደግሞ ወረቀት ይለጥፍባታል። እንግዲህ ብራናን የሚያድነው ፀሐይ ይህችኛዋን ፋቃት ማለት ነው። መለሰ ይህን ሲናገር ማንንም አልወቀሰም። ጣቱን ወደ መስኮቱ እንኳ አልቀሰረም።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርመራው ጥልቀት አመሰግናለሁ። ማሽኑ ሲበራ ቁጥር በማሳየት ፋንታ ጥቋቁር አራት ማዕዘኖችን በረድፍ ደርድሮ ስላሳየ፣ አንድ የኮሚቴ አባል ምልክቶቹን በጥንቃቄ ገልብጠው ለባዕዳን የሚተላለፍ ምስጢር መሆኑን አረጋግጠዋል። ማሽኑ የሚለው ነገር ጠፍቶት ነው የሚል ሐሳብ ግን ውድቅ ሆኗል።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ምርመራው ፍትሐዊነት ነው፤ ረዘም ይላል፤ የምፈራውም እሱን ነው።

ማሽናችን ወንድም አለው። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ መኪና ተጭነው መጥተው አንዱ እዚህ፣ አንዱ ወረኢሉ ቀርቷል። መለሰ በዚያ ስብሰባ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ፣ «ጓዶች፣ ማሽኑ አልሞተም፤ ረስቶ ነው። የወረኢሉ ወንድሙ ያስታውሰዋል» አለ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። የወረኢሉን ሚሞሪ ለአፍታ ነቅሎ በኛው ማሽን ላይ መሰካት፤ የኛው ቢነሣ አካሉ ጤነኛ መሆኑና የጠፋው ጽሑፉ ብቻ መሆኑ በዓይን ይታያል። ባዶ የሆነችው ሚሞሪም የምትጣል አይደለችም፤ አዲስ አበባ የመገልበጫ መሣሪያ ስላለ፣ ከወንድሟ ተቀድቶ ይጻፍባትና፣ መስኮቷ በወረቀት ተሸፍኖ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «እንዲረሳ ያደረገውን ደግሞ ደሴ ያሉት ጓዶች ያስታውሱታል» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ። ያን ቀን በዚያ ክፍል ያልሳቀ መለሰ ብቻ ነበር።

በቃለ ጉባኤው ሐሳቡ «ጤነኛውን ማሽን ለመበከል የቀረበ ሁለተኛ አሻጥር» ተብሎ ሰፍሯል። ከዚያም ኮሚቴዎ፣ ምርመራው ፍትሐዊ እንዲሆን፣ የወረኢሉ ማሽን ተጭኖ መጥቶ ልክ እንደኛው ክዳኑ ተፈትቶ፣ ወረቀቱ ተልጦ፣ ለንጽጽር በዚያው መስኮት ደፍ ላይ እንዲቀመጥ ወስኗል። ማሽኑ ትናንት ገብቷል፤ እስካሁን ሣጥኑ አልተከፈተም።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ በጋዜጣ ሥራ ጠጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ፤ ማጋነን አላውቅም። በምድር ላይ ለመለሰ የሚመሰክርለት ያ ያልተከፈተ ሣጥን ብቻ ነው። ሰው አይመሰክርለትም፤ ሰው ፈርቷል። ሣጥኑ ተከፍቶ እንደ ወንድሙ ፀሐይ ሲሞቅ የሰነበተ እንደሆነ፣ ሁለት የሚረሱ ማሽኖችና አንድ የሚያስታውስ የሌለው ሰው ይኖሩናል። ምናልባት እርስዎም ይህን በሚገባ ተረድተውት ይሆን ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ወዲያው ግን ሐሳቤን አቋርጣለሁ፤ ምክንያቱም ማሰቡ ራሱ ያስፈራል።

እናቱ እመት አመለወርቅ በየቀኑ ቀትር ላይ ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። ትናንት ሳህኑ በመዘግየቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎረቤታቸው ዘይነባ ክንዳቸውን ይዛ፣ «አብሽሪ እታለም፤ ባዶውን ከመጣ በልቷል፣ ከበላ አለ» ትላቸው ነበር። ሳህኑ ባዶውን መጣ። እመት አመለወርቅ ሳህኑን ሳሙት። አንድ የመካነ ሰላም እናት ባዶ ሳህን አይታ ፈጣሪዋን እንድታመሰግን ላበቃት ኮሚቴ፣ እነሆ አምስተኛውን ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ልመናዬ አንዲት ናት። መኪናው ቅዳሜ ከመነሣቱ በፊት፣ ዓርብ ገበያ ሲሞላ፣ የወረኢሉ ሣጥን በጥላ ሥር ይከፈት፤ መለሰ በጠባቂ ታጅቦ ይምጣ፤ ሚሞሪዋን ነቅሎ በኛው ማሽን ላይ ይስካ። ማሽኑ ካልተነሣ ኮሚቴዎ ትክክል ነበር፤ በዚያው መኪና ላይ ለእኔም ቦታ ይያዝልኝ። ባለቤቴ ይርገዱ ሁለቱን ጋቢዎቼንና ወፍራሙን ሹራቤን በር ሥር አስቀምጣለች፤ ይህን ደብዳቤ ሳታነብ ነው ያዘጋጀችው፤ ስጽፍ ፊቴን ማየት በቅቷታል። ማሽኑ ከተነሣ ግን ማንም ምንም አይናገር። እርስዎም ይቅርታ አይጠይቁ። መለሰ ሽቦው ወደተበጠሰበት፣ እኛም ወደየቤታችን እንሂድ፤ ስለ ፀሐዩ ነገር እኔ አንድ መስመር አልጽፍም።

ረጅም ዕድሜ፣ ጥሩ እንቅልፍና የማይረሳ ልቡና እየተመኘሁልዎት፣ ስሜን ያልደበቅሁት ከድፍረት ብዛት ሳይሆን የእጅ ጽሑፌን ከተማው ሁሉ ስለሚያውቀው መሆኑን በትሕትና እያስታወቅሁ፣

የግድግዳ ጋዜጣው አዘጋጅ
ንጉሡ አልታዬ
መካነ ሰላም፣ ኅዳር ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ መለሰ የታሰረበት ክፍል መስኮት እንደሌለው ሰምቻለሁ። ከጨለማ መውጣት የማይገባት ሚሞሪ ፀሐይ ላይ ስትሰነብት፣ ከፀሐይ መለየት የማይገባው ሰው ጨለማ ውስጥ ሰንብቷል። በሥራ ብዛት የተፈጠረ የቦታ መቀያየር ይሆናልና፣ እስከ ዓርብ ሁለቱን ወደየቦታቸው ቢመልሱልን።