ለአባዬ ዓይን የሚበቃ ፊደል

ጥቅምት 9፣ ከሰዓት

የ«ጯ» እግር ኮምፒውተሩ ላይ አሁንም ተሰብሮ ይወጣል። ነጥብ ሳጠፋ፣ ነጥብ ስጨምር ዋልኩ። ማስታወሻዬ፣ አዲስ አበባ ሳለሁ ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ ካስገቡት ጥቂት ሰዎች አንዷ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። እዚህ ላሊበላ ግን የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ በቃ። ኮምፒውተሩን ሆቴል ነው ያስቀመጥኩት። ጄኔሬተር ያለው እዚያ ነው።

አባዬ ድጓ ያስተምራሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ሐኪሙ ከዚህ በላይ የሚደረግ የለም ብሏል። የብራናውን ጽሕፈት ማየት ትተዋል። ትልቅ ፊደል ግን ሳያዩ አይቀሩም። ፊደል ማሳደግ ደግሞ ሥራዬ ነው።

ጥቅምት 12፣ ማታ

በትልቁ ያተምኩትን የመጀመሪያውን የድጓ ገጽ ወሰድኩላቸው። ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው በዜማ አወረዱት። ደስታዬ! ኋላ ግን ገባኝ። ድጓው በቃላቸው ነው። ገልብጬ ብሰጣቸውም ያዜሙታል። አይተው ይሁን አስታውሰው በምን ልወቅ? ብጠይቃቸው እኔን ደስ እንዲለኝ አየሁ ይላሉ። አውቃቸዋለሁ።

ጥቅምት 14

ስልክ ተደውሎልኝ ቴሌ ቢሮ ተጠራሁ። የአዲስ አበባው አለቃዬ ነው። የፊደል ሥራ ክፍል ተከፍቷል፣ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ፣ በወሩ መጨረሻ ካልመጣሽ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን አለኝ። ስንት ዘመን የተመኘሁት ቦታ! ለአባዬ አልነገርኳቸውም። እራት ላይ ምን ሆነሻል አሉኝ። ምንም አልኩ። ዓይኑ የደከመ ሰው እንዴት እንዲህ ያያል?

ጥቅምት 17፣ ከሰዓት

ተሳካ! ከፊደሉ አናት የሚውለው የዜማ ምልክት እስከ ዛሬ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ሁልጊዜ ከጎን ይቀመጣል። ዛሬ በቦታው ዋለ። ብቻዬን እልል አልኩ። የሆቴሉ አስተናጋጅ ሮጣ መጣች፣ ምን ተገኘ ብላ። ምን ብዬ ላስረዳት? አቀፍኳት።

ጥቅምት 18፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ትናንት ሌላ ገጽ አትሜ ነበር። ድጓ አይደለም። አንድ መስመር፣ በትልቁ፦ «አባዬ፣ አዲስ አበባ ለትልቅ ሥራ ጠርተውኛል፤ ልሂድ?» ምን እንደሆነ ሳልናገር ሰጠኋቸው። ሊያዜሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቆም አሉ። ከዚያ እንደ ጀማሪ ተማሪ ፊደል በፊደል፦ «ጠ... ር... ተ... ው... ኛ... ል።»

ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«መቼ ነው የጠሩሽ?»

«ረቡዕ፣ አባዬ።»

«ሂጂ እንጂ! ድጓው እንደሆን በቃሌ ነው። ለኔ ብለሽ እንዳትቀሪ።»

እኔ አለቅሳለሁ። አንብበውታል!

ወረቀቱን መልሰው አነሱት። ጣታቸው መስመሩን ተከተለ።

«ዓይኔ ከደከመ ወዲህ የማላውቀውን ነገር ሳነብ ይህ መጀመሪያዬ ነው» አሉ። «ሌላ የለሽም?»

ጥቅምት 19፣ ጠዋት

ወስኛለሁ። ቴሌ ሲከፈት ደውዬ አልመጣም እላለሁ። ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጡት። የሠራሁትን ፊደል በዲስኬት እልክላቸዋለሁ፤ የፈለገ ይሥራበት። አባዬ ይቆጣሉ። ይቆጡ። ዛሬ ከሰዓት ስለ ጨረቃ ልጽፍላቸው ነው፤ ሰው ረገጣት ሲባል ሰምተው እስከ ዛሬ አላመኑም። ከየት ልጀምር? ምናልባት ከ—