ሠላሳ ሁለት ቅጂ

ማርች 3፣ ማክሰኞ

የካንሳስ ነፋስ ዛሬም አላረፈም። ፎቶኮፒው ሁለቴ ወረቀት ነከሰብኝ። እንደምንም በዚህ ወር የምንወዳደርበትን ዜማ ኖታ፣ ዘጠኙንም ገጽ፣ በትምህርት ቤቱ ለማስተምራቸው ለሠላሳ ሁለቱ የኳየር፣ የመዘምራን ቡድን፣ ልጆቼ አባዛሁ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ግሬታ ለካ ከኋላዬ ቆማለች።

«ሎርና፣ ደግሞ ጀመረሽ?»

«ለትምህርት ነው እኮ!»

«ሁለት መስመር ቀድተሽ ብታስረጂበት ማን ይናገርሻል? ይሄ ግን ሙሉ ዜማ ነው፣ መድረክ ላይ የሚዘፈን። ሰው የደከመበት ነው፤ ይገዛል።»

«ገዝተናል፤ እስኪደርስ ነው።»

እንደዚያ ከሆነ ይፈቀዳል ብላ ሄደች። ትዕዛዙን ግን መች ላክሁ? ነገ...

ማርች 6፣ ዓርብ

ዛሬም አልላክሁም።

ማርች 12፣ ሐሙስ

ርዕሰ መምህሩ ሃልቨርሰን ጠራኝ። ዘንድሮ በውድድሩ ከፍተኛውን ደረጃ ካላመጣን ለመጪው ዓመት ኳየሩ ይዘጋል። ቦርዱ ወስኗል። ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሶሎውን፣ የብቻውን ክፍል፣ የምትዘፍነው ዴሊያ ሳቀች።

«አይዞዎት ሚስስ ኦስቴን፣ ወንዶቹ አፋቸውን ካልከፈቱ እናሸንፋለን።»

ይቺ ልጅ ከሌላው ክፍል ሁሉ ትቀራለች። ከእኔ ግን ቀርታ አታውቅም።

ማርች 20፣ ዓርብ

የውድድሩን ደንብ አሁን አነበብኩት። አሁን! ለሦስቱ ዳኞች ሦስት የታተመ ኦሪጅናል። ፎቶኮፒ ያመጣ ደረጃ አይሰጠውም። ያለኝ አንድ ነው። ውድድሩ ነገ ነው። አሳታሚው ጋ ብደውል እስከ ሰኞ ዝግ... ቅጂውን እንዲፈቅዱልኝ መልእክት ተውኩ። ሃያ ዓመት አስተምሬ ምን ነካኝ?

ማርች 21፣ ቅዳሜ

የውድድሩ መዝጋቢ ወረቀቶቹን ገለጠች። ጠርዙ ላይ ማሽኑ የተወውን ጥቁር መስመር አየችው።

«ሌሎቹ ኦሪጅናሎችስ?»

«የሉም።»

«እንግዲህ ልጆቹ ይዝፈኑ። ደረጃ ግን የለም።»

ዘፈኑ። እንዲህ ዘፍነው አያውቁም። እጄ ይመራል፣ ልቤ ይደማል።

አውቶቡስ ውስጥ ዴሊያ መጣች። «ስንት ሰጡን?»

«ምንም።»

«እኔ ነኝ አይደል ያበላሸሁት? መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ...»

ዝም ብል ሁሉም ጥፋቱ የእሷ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ለአፍታ ዝም ልል አስቤያለሁ። ለራሴ እንኳ ስጽፈው አፈርኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ማርች 24፣ ማክሰኞ

አሳታሚው መልስ ላከ። «ቀደም ብለው ቢጠይቁን በደስታ እንፈቅድልዎት ነበር።» ደግ ሰዎች ናቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 1፣ ማክሰኞ

አራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የተዘጋው ኳየር የድሮ ሰዓት። ክፍሉ ያው ነው፤ ፒያኖውን ወስደውታል። አሁን ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩበት ሰዓት ሆኗል። የእኔ ሥራ ጸጥታ ማስከበር ነው። ዴሊያ ከኋላ ተቀምጣ ሳይታወቃት ማንጎራጎር ጀመረች። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ።

«ዴሊያ፣ ዝም በይ» አልኳት።

ዝም አለች።