የጋሽ ዳና አግዳሚ

ማክሰኞ
ዛሬም ኃላፊያችን ሰብስቦ ካርድ ላይ «ኮሌራ» ብለን እንዳንጽፍ አስጠነቀቀን። ተቅማጥና ትውከት ነው፣ በቃ። እሺ፣ ስሙ ይቅር። አልጋስ? ክሊኒካችን ያለው ሰባት ነው፤ አልጋ ያጣው በሽተኛ መሬት ላይ በትውከቱ ውስጥ ይተኛል። ማዶ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ቆሟል። ክፈቱልን ብዬ ቀበሌ ሄድኩ። የሰልፍ ባንዲራና መፈክር ተቀምጦበታል አሉኝ። ጉድ እኮ ነው፤ መፈክር ጣሪያ ሥር፣ ሰው ሜዳ ላይ!

ረቡዕ
ጎረቤቴን እትዬ ዘነበችን ልጆቻቸው ተሸክመው አመጧቸው። «ጴንጤዋ» እያሉ ሲያሾፉብኝ የኖሩ ሴትዮ ናቸው። ዛሬ ድምፃቸው የለም፣ ዓይናቸው ጎድጉዷል። አልጋም የለም።

ከሥራ ስወጣ የጸሎት ቤታችን አግዳሚ ወንበሮች ትዝ አሉኝ። ቤቱ ሊታሸግ ሲል እስኪከፈት ብለን አንድ አንድ ወደየቤታችን ወስደን ደብቀናል። ሁለቱን ጎን ለጎን እንደ አልጋ ገጥሞ፣ የሁለቱንም ጠርዝ በግማሽ ክብ ቆርጦ፣ ከሥር ባልዲ ማድረግ ነው። በሽተኛ ሳይነሳ ይጸዳዳል፤ የወጣው ተለክቶ ያንኑ ያህል ይጠጣል። የኔን በመጋዝ ቆረጥኩ። ግማሽ ቀዳዳ ብቻውን ምን ይሠራል?

ሐሙስ
የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ጋሽ ዳና ዘንድ ሄድኩ። አግዳሚያቸውን በጨንቻ ቡልኮ ሸፍነው አልጋ ሥር ደብቀውታል።
«የእግዚአብሔር ዕቃ ነው፣ መጋዝ አይነካውም» አሉኝ።
ቀጥለው ቀበሌ ካየው እንደሚያስራቸው ነገሩኝ። ፍርሃቱስ ይገባኛል፣ አንዴ ታስረዋል። ደሜን ያፈላው «የእግዚአብሔር ዕቃ» ማለታቸው ነው።
«እትዬ ዘነበችስ የማን ናቸው?» አልኳቸው።
ቡልኮውን መልሰው አለበሱት። ደህና ዋሉ እንኳ ሳልል ወጣሁ።

ዓርብ
ግሉኮስ አለቀ። ለእትዬ ዘነበች ጨውና ስኳር በጥብጬ በማንኪያ አጠጣለሁ። ስንት እንደወጣቸው አላውቅም፣ በግምት ነው። ተሳስቼ ብገድላቸውስ?

ከቀትር በኋላ ጋሽ ዳና አግዳሚውን በትከሻቸው ተሸክመው ከች አሉ። በሲቀላ ገበያ መሃል፣ በቀበሌው በር ፊት፣ ሳይሸፍኑት። ዘበኛው የማን ነው ቢላቸው የቤተ ክርስቲያን ነው ብለውታል። መጋዙን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ቆረጡት። ትንሽ አጣመሙት፣ ግን ከኔው ጋር ገጠመ፤ እትዬ ዘነበችን አስተኛንበት።

ቅዳሜ
ሦስት አግዳሚ ደግሞ መጣ። ሁለቱን ያመጡት የእትዬ ዘነበች ልጆች ከምእመናኑ ቤት ተሸክመው ነው። እሳቸውም ጠዋት ሽንት መጣላቸው፤ ተረፉ ማለት ነው። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው «ይሄ የጴንጤ አልጋ ይቆረቁራል» አሉኝ።

ጋሽ ዳና ግን የተደበቀ ንብረት ተገኘባቸው ተብለው ሰኞ ቀበሌ ተጠርተዋል። አብሬያቸው እሄዳለሁ፣ እኔም ደብቄ ነበር። አግዳሚዎቹን መልሱ የሚሉ ከሆነ መጥተው እትዬ ዘነበችን ራሳቸው ያስነሷቸው።