ጋቢህ አሁንም ይሞቃል

ታዴዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የሰው ጤና ይጠየቃል፤ አንተን ግን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ገርጂ እንደምታውቃት ናት፤ ጭቃው እስከ ብሎካችን ደረጃ ድረስ እየመጣ ነው። እናትህ ወደ ሆሳዕና አልመለስም ብለው ከእኛው ጋር ናቸው። ሶስና አንደኛ ክፍል ገብታለች፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፣ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ነው። እኔ ያው ነኝ። የምጨቀጭቀው ሰው ስላጣሁ ዝም ማለት ለምጃለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ኮምፒውተርህ ነው። አትሳቅ። «ይህን አሮጌ ነገር አውጥተህ ጣልልኝ» እያልኩ ስነዘንዝህ የኖርኩት ሴትዮ፣ አሁን እሱ በጠፋ ቁጥር የምደነግጠው እኔ ነኝ።

ነገሩን የጀመረችው ሶስና ናት። ፀጉሯን ስሠራላት አባዬ ሲያወራ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ድምፅህን ረስታዋለች። እንደ አንተ አድርጌ ላሰማት አፌን ከፈትኩ፣ አልመጣልኝም። ስልኬ ውስጥ ፎቶህ ሞልቷል፣ ድምፅህ ግን የለም፤ ደውለህ ያወራኸኝ ሁሉ አየር ላይ ቀርቷል። ያለው እዚያ ማሽን ውስጥ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን እዚች ሳሎን ስትቀዳ በየመዝሙሩ መሃል የምትናገረው፣ የምትስለው፣ «አንድ፣ ሁለት፣ እሺ ቀጥሉ» የምትለው። መዘመር እንኳ ከቶ አልተሰጠህም ነበር። ያለቀውን መዝሙር ሰው ሁሉ በየስልኩ ይዞታል፤ አንተ ያለኸው ግን ቆርጠህ ያስቀረኸው ትርፍራፊ ውስጥ ነው።

እሱን ወደ ሌላ ዲስክ ልገልብጥ ተነሳሁ። ማሽኑ አርጅቶ የለ፣ መገልበጡ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አስጀምሬው ወጡን ላማስል ኩሽና ገባሁ፣ ስመለስ ድርግም ብሏል። መብራት ሄዶ ይሆናል ብዬ ቀና ስል የሳሎኑ አምፖል በርቷል። ሶኬት ቀየርኩ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ሲነሳ ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሞቋል የሚል ማስጠንቀቂያ አሳየኝ። አጠገቡ ስቀመጥ ደህና ይሠራል፤ ዞር ስል ይጠፋል። አንድ ቅዳሜ ዛሬስ ከጎኑ አልነሳም ብዬ ስቀመጥ ደግሞ እውነተኛው መብራት ሄደ።

ጋቢህን እንዴት ብዬ ልንገርህ። በክረምት ለብሰኸው የምትሠራው ጋቢ እስከ ዛሬ ወንበርህ መደገፊያ ላይ ነው። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ሞቆ አገኘዋለሁ፤ ሰው አሁን ከላዩ ጥሎት የተነሳ ያህል። መጀመሪያ ስነካው እጄን ሰበሰብኩ። በሌላ ቀን ፊቴን ቀበርኩበትና እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

እኛ ቤት የሞተ ይመለሳል አይባልም፣ ታውቃለህ። ብናገር የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሊጸልይልኝ ይመጣ ነበር፣ ስለዚህ ለማንም አልነገርኩም። ግን ፈራሁህ ታዴ። ያን ሁሉ ዓመት አጠገብህ የተኛሁ ሴት ሳሎኔ ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ አቃተኝ። ድምፅህን እንዳንሰማ እየመጣህ የምታጠፋው ራስህ መሰልከኝ። ምን አስቀየምንህ ብዬ ሳህን እያጠብኩ ጮክ ብዬ ጠይቄሃለሁ። ከሰማህ ይቅር በለኝ።

ከዚያ ታክሲ ላይ ጭኜ ወሎ ሰፈር ላለ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሲከፍተው ከማቀዝቀዣ ፋኑ ላይ ነጭ ብናኝ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ቤታችሁ ጥጥ ትፈትላላችሁ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። አቧራውን ነፋው፣ በፕሮሰሰሩና በፋኑ መካከል የሚቀባው ቅባት እንደ ጠመኔ ደርቆ ስለነበር ፍቆ በአዲስ ተካው። ቀኑን ሙሉ አብርቶ ተወው፣ አልጠፋም። እንዲህ በድንገት መጥፋቱ ከቀጠለ ግን ዲስኩ ይበላሻል፣ ያኔ በላዩ ያለው ሁሉ አይመለስም ብሎ አስጠነቀቀኝ። ድምፁን እዚሁ ልገልብጥልሽ ቢለኝም አንተን የማላውቀው ሰው ዘንድ ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። ቤት አምጥቼ ባበራሁት ዕለት ጠፋ። ጋቢህም ሞቆ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሶስና ጎረቤት እየተጫወተች እኔ እንደገና መገልበጡን አስጀምሬ መገናኛ ደርሼ ልመጣ ወጣሁ። ደረጃው ግርጌ ስደርስ ዝናብ ጣለ፣ ለጃንጥላዬ ተመለስኩ። የዝናቡ ድምፅ ኮቴዬን ውጦት ኖሮ በሩን ስከፍት የሰማኝ የለም።

እናትህ ከኮምፒውተሩ ትልቁ ሣጥን አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢህን አልብሰውታል። እንደ ሕፃን ከግራ ከቀኝ ጠቅልለው፣ ጫፉን ከሥሩ ሸጉጠው፣ እጃቸውን ከላዩ አሳርፈው በሀዲይኛ ያንሾካሹካሉ። ውስጡ ፋኑ ሲያቃስት ይሰማል። ሲያዩኝ ስኳር ሲሰርቅ እንደ ተያዘ ልጅ ደንግጠው ጋቢውን መግፈፍ ጀመሩ። ለካ ሁልጊዜም ኮቴዬን ሲሰሙ ወደ ወንበሩ የሚመልሱት እሳቸው ናቸው። የሚያጽናኗቸው ሰዎች ከእንግዲህ ልቅሶ ይብቃ ስላሏቸው፣ እኔም እንዳልቆጣ ፈርተው ይደብቁኝ ኖሯል።

«ሲሞቅ እጄ ያውቀዋል» አሉኝ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሳንባህ በታመመበት ሰሞን ስታተኩስ እጃቸውን ጋቢህ ላይ አድርገው ነበር የሚያድሩት። የፋኑን ድምፅም እዚያው ተቀምጬ አወቅሁት፤ በመጨረሻው ሰሞን እንዲያ ነበር የምትተነፍሰው። እስከዚያ ድረስ ምን እንደሚያስፈራኝ አላወቅሁም ነበር።

ሌላ ምን ልበላቸው፣ ማሽኑ አየር እንደሚስብ፣ ሲሸፈን ሙቀቱ መውጫ እንደሚያጣ፣ እንዳይቃጠል ራሱን እንደሚያጠፋ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ አይተውኝ «እንግዲያ ያፈንኩት እኔ ነኛ» አሉ።

የሚያወሩት ስለ ኮምፒውተሩ አልነበረም። ሐኪሙ ትኩሳት አለው አትደራርቡበት እያለ፣ እሳቸው ልጄን ይበርደዋል እያሉ መልሰው ሲያለብሱህ ሁለታችንም ነበርን። ይህን ሁሉ ጊዜ ይዘውት ኖረዋል፣ እኔም አንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ አላየሁም።

«አይደለም እማዬ፣ አርጅቶ ነው» አልኳቸው። አንተ አላረጀህም ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና ጋቢውን ገፈው በራሳቸው ትከሻ ላይ ጣሉት። መገናኛ መሄዴ ቀረ። አንድም ጊዜ ሳይጠፋ ገልብጦ ጨረሰ።

ሲመሽ ሶስናን አስቀምጬ ከፈትኩት። መጀመሪያ ሳልህ መጣ፣ ቀጥሎ ወንበር ሲንቋቋ፣ ቀጥሎ አንተ፤ «ሶሲዬ፣ ልንቀዳ ነው፣ በሩን ዝጊልኝ» አልክ። ልጅህ ተነስታ ሄዳ በሩን ዘጋች። ተመልሳ መጥታም ቀጥል እንደማለት ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተከለች። እናትህ ፊታቸውን በጋቢህ ሸፈኑ። እኔ ያን ያህል በቀብርህም ቀን አላለቀስኩም።

ድምፅህ አሁን ሦስት ቦታ ተቀምጧል፣ አትስጋ። ማሽኑ እንግዲህ ሥራ የለውም፤ መጣል እችላለሁ። አልጣልኩትም። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናትህ ዝም ሲሉ አበራዋለሁ፣ ጋቢህን ራሴ አለብሰዋለሁ፣ ዱካቸውን አቀርብላቸዋለሁ። ሞቆ ሞቆ ድርግም ሲልም አንነሳም። እስኪቀዘቅዝ ድረስ የእኔም እጅ ከእጃቸው አጠገብ ነው።

አንድ ቀን ጨርሶ አልነሳም ማለቱ አይቀርም። ያን ቀን እናትህ ከመንቃታቸው በፊት ጋቢህን በረንዳው ላይ በፀሐይ አሙቄ ለእጃቸው አደርስላቸዋለሁ። ክረምት ከሆነም በካውያ አሞቀዋለሁ። ይህን ቃል ገብቼልሃለሁ፣ ታዴዬ።

ያንተው ጨቅጫቃ፣
አልማዝ