የወፍ ነው ያሉት ድንጋይ

ሰኞ

አሁንም ያሳክከኛል። ዓይኔ የእንቁላል አስኳል መስሏል፤ ሽንቴም ጠቁሯል። ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ከአጥር ማዶ አይቶኝ «የወፍ በሽታ ነው! እንዳትወጋ፣ የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም፤ ይገድልሃል» አለኝ። ቅጠል ቀጥቅጦ ሊያመጣልኝ ነው። «ለበሬህ ያጠጣኸውን?» ብዬ ብጠይቀው ተቆጣ። በሬው ሞቷላ!

ማክሰኞ

ልጄ አስቴር ሳታማክረኝ ከሰበታ ሚኒባስ አሳፍራ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ የልጅ ልጄን ታክላለች። በአልትራሳውንድ አየችኝ። ወፍ የለም። ድንጋይ የሐሞቴን መውረጃ ደፍኖታል፤ ሐሞቱ ወደ ደሜ እየተመለሰ ነው። «ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሐሞተ ቢስ ትለኝ ነበር። ይኸው ሞልቶ ፈሰሰ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለች። «አባባ፣ ሐሞት ሲታገድ ሰውነት በሽታ የሚከላከልበት አቅም ይደክማል። የአንጀት ጀርም ወደ ደም ይሻገራል። ብርድ ብርድ ካለዎት እንዳይቆዩ።» ድንጋዩን ለማውጣት ሐሙስ ቀጠሩኝ።

ረቡዕ

ብርዱ መጣ። ጋቢ ደራርቤም ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ የቀሩት ማለቴ ነው። አስቴር እያዋከበች መልሳ ወሰደችኝ። ነርሷ መርፌ ይዛ ስትመጣ እጄን ጋቢ ውስጥ ደበቅኩ። «የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም» አልኩ። ቀልዴን አልነበረም። ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አባባ፣ የሚገድለው መርፌው አይደለም። ጀርሙ ደምዎ ውስጥ ገብቷል፤ የሚመልሰው አቅም ደግሞ ደክሟል። ይህን መድኃኒት ካልወሰዱ እፈራለሁ።» አስቴር ማልቀስ አታውቅም። ዛሬ አለቀሰች።

እጄን አወጣሁ።

ሐሙስ

አለሁ! ትኩሳቱ በረድ ሲልልኝ አስተኝተው፣ በአፌ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ድንጋዩን አወጡት። አሳዩኝ። ሽንብራ እንኳ አያክልም። ይህችን ብዬ ነው የተንቀጠቀጥኩት? ኦቦ ቶሎሳ ደወለ። «አካም ጅርታ? ወጉህ እንዴ?» «ወጉኝ። አሁን የምታናግረው ሬሳውን ነው።» ጆሮዬ ላይ ጠረቀመው። አስቴር መልሳ ደውላ አረጋጋችው፤ እኔን ግን ተቆጣችኝ።

ቅዳሜ

ቤቴ ገባሁ። ማሳከኩ ተወኝ፤ ሽንቴም ጠራ። ለአስቴር ብነግራት «አባዬ ደግሞ! ይሄም ይወራል?» አለች። የዓይኔ ቢጫ ገና አለ። ሐኪሟ «የሰውነትዎ መከላከያ ባንዴ አይመለስም፤ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ አይሳምዎት፤ ብርዱ ከተመለሰ ቶሎ ይምጡ» ብላኛለች። የአስቴር አክስቶች ሲመጡ በር ላይ የምትቆመው እሷ ናት፤ ሳይስሙኝ ሲመለሱ እንዴት ደስ ይላል!

ማታ ግንባሬን ዳሰሰች። በግራም በቀኝም። «የለም» አለች። ከረቡዕ ጀምሮ እንደተጫማች ነበር ጋደም የምትለው። አሁን ጫማዋን አውልቃ ተኝታለች፤ ታንኮራፋለች። አልቀሰቅሳትም።