ታኅሣሥ ከወር ሁሉ ይበልጣል ላሉኝ ዶክተር

ለተከበሩ ዶክተር ዊንስተን ኤሊንግቦ
የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንቶች ትምህርት ኃላፊ
ዱሉት፣ ሚኒሶታ

የተከበሩ ዶክተር፣

ይህ ደብዳቤ ጤናዎ ተሟልቶ፣ ቤተሰብዎ ደኅና ሆኖ፣ መኪናዎም ከበረዶው ወጥቶ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በጋዜጣ የጻፍኩልዎ ለክብርዎ ስል ነው፤ እርስዎን የሚያህል ሰው በምግብ ጋሪ ላይ በተጣለ ብጣሽ ወረቀት ማመስገን ነውር መስሎ ታየኝ። እኔ ሎርና ሃፓላ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሆስፒታሉ ወጥ ቤት መስኮት ሾርባዎን የምቀዳልዎ፣ ካሮት ስለማይወዱ ከዱር ሩዝ ሾርባው ውስጥ ካሮቱን ለቅሜ አውጥቼ የማቀርብልዎ ሴት። ሰሞኑን ደስታ በደስታ ሆኛለሁ፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ ወሬ ይበዛብኛልና ይታገሡኝ። ምስጋናዬ እንዳይደባለቅብኝ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1. ስለ ምክርዎ። በኅዳር መጀመሪያ፣ ልጄ ሲግኔ በኦማሃ የሕክምና ትምህርቷን ልትጨርስ እንደሆነና ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን እየሠራች የምትማር ሐኪም ሆና እርስዎ ዘንድ መግባት እንደምትመኝ ስነግርዎ፣ ማንኪያዎን አስቀምጠው፣ «ሎርና፣ ለታኅሣሥ ላኪያትና አንድ ወር እኛ ጋ ትለማመድ። ወረቀት ምን ያወራል? ሰው የሚታወቀው አብሮ ሲሠራ ነው። ታኅሣሥ ደግሞ ከወር ሁሉ ይበልጣል» አሉኝ። እኔም እዚያው በጓንቴ ስልኬን አንስቼ ደወልኩላት። ልጄ፣ «እማ፣ አልረፈደም እንዴ? ማመልከቻው እኮ በመስከረም ገብቷል» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ስምንት ዓመት የተማረችውን ልጄን ትቼ ሾርባ የምቀዳለትን ሰው አመንኩ። «ዝም በይ፣ ኃላፊው ራሱ ነው ያለኝ» አልኳት። ለዚህች «ራሱ» ለምትለው ቃል እስካሁን ይቅርታ እየጠየቅኳት ነው።

2. ስለ ፋርጎ። ሲግኔ የነበሯት ቃለ መጠይቆች ሦስት ብቻ ነበሩ። ቃለ መጠይቅ ያላደረገላትን ሆስፒታል መመኘት ባዶ ምኞት መሆኑን፣ በመጋቢት ተማሪና ሆስፒታል የሚያገናኘው ኮምፒውተርም ምኞት እንደማይቆጥር እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ከሦስቱ አንዱ በፋርጎ ከተማ ሆስፒታል፣ በታኅሣሥ ሁለተኛ ሳምንት ነበር። የአንድ ቀን ፈቃድ ስትጠይቅዎ በአባትነት ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ «እኛን የምትወድ ልጅ በወሩ መሀል ጥላን አትሄድም» አሏት። ልጄም ፋርጎን ሰረዘች። እኔም፣ ሞኟ፣ አጨበጨብኩ።

3. ስለ በዓላቱ። በገና ዋዜማ፣ በገና ዕለትና በአዲስ ዓመት ዋዜማ ተረኛ ስላደረጓት እናመሰግናለን። ሬዚደንቶችዎ ፀሐይ ወዳለበት አገር ሄደው ነበርና ቦታቸውን የሚሸፍን ሰው ማስፈለጉ አይካድም። የወለቀ ትከሻ መመለስ የተማረችው ያን ጊዜ ነው፤ ይህን አልክድም።

4. ስለ ሁለቱ ክፍሎች። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እላለሁ።

ከገና በፊት በነበረው ማክሰኞ በትእዛዝ ወረቀቴ ላይ ሁለት መስመር ነበር፤ አንደኛው «ትልቁ አዳራሽ፣ የመጨረሻው የቃለ መጠይቅ ቀን፣ ሳንድዊች ለአሥራ ስምንት ሰው»፣ ሁለተኛው «ትንሹ ክፍል፣ የተማሪ ገለጻ፣ ቡና ብቻ» ይላል። ጋሪዬን እየገፋሁ አዳራሹ ስገባ ግድግዳው ላይ የአመልካቾች ፎቶ በረድፍ ተለጥፏል። የቱርክ ሥጋ ሳንድዊቹን እያስቀመጥኩ ፊቶቹን አንድ በአንድ አየሁ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ደግሞ ከታች ወደ ላይ። ሲግኔ የለችም። እርስዎ መሀል ቆመው ይስቁ ነበር። ጸሐፊዎን ማርሊስን በር ላይ ይዤ ብጠይቃት፣ እሷም እንደ እኔ አፏ አያርፍምና፣ «ውይ ሎርናዬ፣ የቃለ መጠይቅ ጥሪው ደብዳቤ እኮ በጥቅምት ተልኮ አልቋል። በታኅሣሥ የሚመጡትን የምንቀበላቸው እጅ ሲያጥረን ነው፤ ማንም አልነገረሽም?» አለችኝ።

ከዚያ ቡናውን ይዤ ወደ ትንሹ ክፍል ገባሁ። ልጄ በተተኮሰ ሸሚዝ ቆማ ለሦስት ሰዎች ገለጻ ታደርጋለች፤ አንደኛው እንቅልፍ ወስዶታል። ዓይኗ በሩ ላይ ነው፤ እርስዎን ትጠብቃለች። የገባሁት እኔ ነኝ።

የተከበሩ ዶክተር፣ ልጄን አለመምረጥዎ አላስከፋኝም፤ መምረጥ መብትዎ ነው። ያንገበገበኝ እሷን ያታለሏት በእኔ አፍ መሆኑ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካሮት የለቀምኩልዎ ሴት፣ ልጇን ለበዓል ተራ ማሟያ በገዛ ስልኳ ጠርታ አስረከበችዎ።

አሁን ወደ ደስታዬ ልለፍ። በጥር ሲግኔ ለፋርጎ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን አርዲስ የምትባል የዚያ ክፍል ጸሐፊ ደውላ፣ «ስሚ የእኔ እህት፣ ከቃለ መጠይቁ አንድ ልጅ ቀርቶብናል። ሐሙስ መድረስ ትችያለሽ? ስንቅ ያዢ፣ መንገዱ በረዶ ነው» አለቻት። እኔ ነዳሁ። በመጋቢት ኮምፒውተሩ ውጤቱን ሲያወጣ ሲግኔ የፋርጎ ሆነች።

በዚያው ሳምንት የእርስዎ ክፍል ሁለት ቦታ ሳይሞላ መቅረቱን ወጥ ቤቱ ሁሉ ሰማ። እርስዎም መስኮቴ ላይ መጥተው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «ሎርና፣ ያቺ ልጅሽ እንዴት ሆነች? ጎበዝ ነበረች እኮ» አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ለእርስዎ አይገባም፤ ስለዚህ ሾርባዎን ቀዳሁልዎ፣ ከነካሮቱ።

ዘግይቶ መጥቶ መለማመድ ተማሪን ይጠቅማል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ እናቶች አሉ። እንዲህ እላቸዋለሁ፦ መጀመሪያ የጥሪው ደብዳቤ አልቆ እንደሆነ ጠይቁ፤ ስትጠይቁም ኃላፊውን ሳይሆን ጸሐፊዋን።

የበዓል ዕረፍትዎ እንዳይጓደል የምትጸልይ፣ ትእዛዝዎን ከመስኮቱ ወዲያ ሆና በአክብሮት የምትጠብቅ፣

ሎርና ሃፓላ
የዶክተር ሲግኔ ሃፓላ እናት

ማስታወሻ፦ ስለ ሁለቱ ባዶ ቦታዎች አይጨነቁ። እስከ ታኅሣሥ ይታገሡ፤ ከወር ሁሉ ይበልጣል።