አምስተኛው ጥያቄ

ውድ ፍንጭቷ፣

በዚህ ስም ልጠራሽ መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ሌላ ልጽፍ ብዬ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ደብዳቤው ከእኔ መሆኑን ስታዪ ሳታነቢ እንዳትቀጂው እለምንሻለሁ። ተመለሺልኝ የሚል አይደለም። ትዳር መሥርተሽ በሰላም እንደምትኖሪ እናትሽ ነግረውኛል። ደስ አለኝ ብል ውሸት ይሆናል፣ ግን ለምጄዋለሁ።

እኔ ያው ነኝ፤ ያው ቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ያው ሁለተኛ ፎቅ። እንግሊዝኛ ለሚማሩ አዋቂዎች ማዳመጥ አስተምራለሁ። የድምፅ ቅጂዎቻችንን እስካሁን አጫውታቸዋለሁ። ትዝ ይልሻል? የተገዙት ቅጂዎች እየተንደረደሩ ተማሪዎቼ አንድ ቃል እንኳ መያዝ ሲያቅታቸው «ለምን አንተ አትጽፈውም፣ እኛው ቀስ ብለን እናነበዋለን» ያልሽው አንቺ ነሽ። መኝታ ቤቱን በብርድ ልብስ አፍነን እኔ ሻጭ አንቺ ገዢ፣ እኔ ፖሊስ አንቺ መንገድ የጠፋባት። «ኤስ» በመጣ ቁጥር ፍንጭትሽ እያፏጨ ስንቱን በሳቅ አበላሸነው! አርባ አንድ ቅጂ ሠራን። አንቺ ከሄድሽ በኋላ እንኳ ድምፅሽ ከእኔ ጋር ሥራ ሲገባ ሦስት ዓመት አለፈው።

አሠራሬም አልተለወጠም። አንድ ቅጂ ሦስት ጊዜ ይሰማል፤ መጀመሪያ እስክሪብቶ ተቀምጦ ዝም ብሎ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ መልስ መሙላት፣ በመጨረሻ ማመሳከር። ባለፈው ሐሙስ ተራው የቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነበር። ሐኪሙ እኔ፣ ታካሚዋ አንቺ፤ ሥራ በዝቶባት እንቅልፍ ያጣች ሴት ነሽ። አምስተኛው ጥያቄ «ታካሚዋ ምን ተሰምቷታል?» ይላል። መልሱ «ደክሟታል» ነው፤ ራሴ ነኝ ያወጣሁት።

ከተማሪዎቼ መሃል አንዲት ልብስ ሰፊ አሉ፤ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው። እሳቸው «አዝናለች» የሚለውን አክብበው ሰጡኝ። ኤክስ አደረግኩበት።

«መምህር፣ ይሄ ምን አጠፋ?»

«እትዬ፣ ሴትዮዋ ደከመኝ ነው ያለችው። የተነገረውን ነው የምንመልሰው።»

«ቃሉማ ጥሎኝ ይሄዳል፤ ድምፅ ግን አይጠፋኝም። ይቺ ልጅ ሐዘን ላይ ናት።»

«ትወና ነው እኮ! አንብቢ ተብላ ያነበበችው ነው።»

«አንብቢ ያላት ሰውዬስ ፊቷን አላየም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ታክሲ ነጂው ከኋላ «መምህር፣ ይስጧቸውና ይገላገሉ፤ እትዬ እንደሆኑ አይለቁም!» አለ። አልሰጠኋቸውም። እኔን ታውቂኛለሽ፣ ከተረታሁ እህል አይወርድልኝም። ትወና መሆኑን ላሳያቸው ብዬ ቤት እንደገባሁ ያንን አሮጌ መቅረጫ ከመሳቢያ አወጣሁት። ያኔ ለክፍል የሚሆነውን ቆርጬ ሳዘጋጅ የመጨረሻውን ንባብ ብቻ ነበር የማወጣው። የተበላሹትን አንድም ቀን ሰምቻቸው አላውቅም።

አምስት ጊዜ አበላሽተናል። ስድስተኛው ላይ ታች ያለው አናጺ ሚስማር መምታት ጀመረ። «ኤጭ! ቆይ፣ ዝም ላሰኘው» ስል ይሰማል። ወንበሬ ይንኳኳል፣ እርምጃዬ ይርቃል። ከዚያ አንቺ ከኋላዬ በቀስታ ትናገሪያለሽ።

«ስማኝማ... አርግዤ ነበር። ማክሰኞ ወረደብኝ።»

በሩ ይዘጋል።

እኔ ደረጃውን እየወረድኩ አናጺውን ምን ብዬ እንደምቆጣው ነበር የማስበው። አንቺ ብቻሽን የቀረሽው ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። አታለቅሺም። ወረቀትሽን ታስተካክያለሽ፣ አንዴ አፍንጫሽን ትጠርጊያለሽ። መዶሻው ይቆማል። እመለስና «በቃ፣ ጸጥ አሰኘሁት። ከመጀመሪያው እንጀምር፤ አሁን ድምፅሽ ላይ ትንሽ ሕመም ጨምሪበት» እልሻለሁ። አነበብሽው። አንድም ስህተት የለውም። «ጎበዝ! ይሄን ነው የፈለግኩት!» ብዬ ሳጨበጭብ ቅጂው ያልቃል።

ከአራት ወር በኋላ ሄድሽ። ሻንጣሽን ይዘሽ በር ላይ «ያን ቀን ዝም አልከኝ» ስትዪኝ የትኛውን ቀን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም። መጠየቅ መሸነፍ መሰለኝ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ «ያለ ምንም ምክንያት ጥላኝ ሄደች» እያልኩ ስምሽን አጠፋሁ፤ እናትሽ ፊት እንኳ ብያለሁ። ትናንት ሄጄ እንዳልሰማሁ ነገርኳቸው። «ነግሬዋለሁ ብላኝ ነበር እኮ» አሉኝ። «ሰምተህ ዝም ያልክ መስሎኝ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታህን የተቀበልኩት ለእግዜር ብዬ ነው።»

አልሰማሁም ማለት ነጻ ያወጣኛል ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ። አራት ወር ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ በልቻለሁ። ምን ሆነሽ ነው ብዬ እንዳልጠይቅሽ ያገደኝ የለም፤ ጥፋቱን አናጺው ላይ አልጥልም።

ለእትዬ ማርካቸውን ሰጥቻቸዋለሁ። ለክፍሉም የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ፤ ምክንያቱን መናገር ግን አቃተኝ። ቁጥር አሥራ ዘጠኝን ከእንግዲህ አላጫውተውም። መቅረጫውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፣ የዚያን ቀን ድምፅ እኔ ጋ አላስቀረሁም። ያ ሁለት ደቂቃ የአንቺ ነው፤ ብታጠፊውም ብታስቀምጪውም እንደፈቀድሽ።

መልስ አልጠብቅም። ሐዘን ለደረሰበት ሰው የሚባለውን ያን ጊዜ ልልሽ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፣ አላልኩሽም። ለእኔም ማንም አላለኝም፣ ሐዘንተኛ መሆኔን አላወቅኩማ። አንቺ ልጃችንን ካጣሽ ሦስት ዓመት አልፎሻል። እኔ ያጣሁት ባለፈው ሐሙስ ነው።

እግዜር ያጽናሽ።

የቀድሞ ባልሽ